ደክሟቸው ተኝተዋል፤ አትቀስቅሷቸው

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ቁጭ በሉ።

እጃችሁ ላይ የሚበላ ነገር ያለ እንደሆነ ግን መጀመሪያ ጨርሱት። እኔ እጠብቃችኋለሁ።

ጨረሳችሁ? በጄ።

ይህ የምነግራችሁ ነገር በእኔው በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ሰው ነገረኝ አልልም። እንዲህ ሆነ አሉ አልልም። በነዚህ ሁለት ጆሮዎቼ ሰምቼው፣ በነዚህ አሥር ጣቶቼ ጽፌዋለሁ። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ ወለል ብላ፣ መንገዱ በሰው ተሞልቶ...

ክፉ ነገር ጨለማ ይፈልጋል ያላችሁ ማነው? ዋሽቷችኋል።

ያኔ የፖሊስ ምርመራ ክፍል ታይፒስት ነበርኩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ጣቴ ግን መቆም አያውቅም ነበር። ቢሮዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ ሥር የጎማ ጥገና አለ፤ ቀኑን ሙሉ የጎማ ትንፋሽ እሰማለሁ። የምጽፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

አንባቢው እንላቸው ነበር።

መጽሐፍ አልነበረም የሚያነቡት። ሰው ነው። እሱም ዓይተውት የማያውቁትን ሰው። ገዳዩ ጥሎት ከሄደው ነገር ተነስተው... ከአልጋው አነጣጠፍ፣ ከሳህኑ አስተጣጠብ፣ በሩን ከዘጋበት አዘጋግ... "ይህ ሰው እንዲህ ያለ ነው" ይላሉ። ዕድሜው ይህን ያህል፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ የሚቋጥር፣ እናቱን የሚፈራ። ዛሬ ይህ ሙያ ትምህርት ቤት ተከፍቶለታል ይባላል። በኛ መሥሪያ ቤት ግን ያኔ ምርመራ ማለት ያዝ፣ ግረፍ፣ አስፈርም ነበር። ከእሳቸው በፊት ያን መንገድ የረገጠው የለም።

ኃላፊያችን ይስቅባቸው ነበር። (እሱን አንቱ አልለውም፤ ይቅር በሉኝ።)

"መዳፍ አንባቢያችን ገባ ወይ?" ይላል፣ በኮሪደሩ ላይ ሁሉም እንዲሰማው። "ና እስቲ፣ የእኔንም አንብብልኝ። ዕድገት አለ?"

"ዕድገት አይታየኝም" ይሉታል አንባቢው፣ ሳይስቁ። "ሆድ ግን ይታየኛል።"

እንዴት ተማሩት ካላችሁኝ፣ ከገዳዮቹ ከራሳቸው ነው። ቴፕ ተሸክመው ወኅኒ ቤት ይሄዱና ፍርደኛ ፊት ይቀመጣሉ። "ለምን ገደልክ?" ብለው ግን አይጠይቁም።

"ለምን ካልሽው ይዋሽሻል" ይሉኝ ነበር። "ከዚያ በኋላ በእጅህ ምን አደረግህ በይው። እጅ ውሸት አልተማረም።"

ስድሳ አንድ ካሴት ሞሉ። ስድሳ አንዱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሚያስጠላው ምን እንደነበር ልንገራችሁ? ደሙ አይደለም። ደም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ይለመዳል።

ምራቃቸው ነው።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሳጠልቀው ሰውዬው ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል። ምራቁን ሲውጥ እሰማዋለሁ። ከንፈሩን ሲልስ እሰማዋለሁ። አንደኛው አጥንት እየጋጠ ነበር የተናገረው። ስለ ሚስቱ ያወራል... ይግጣል... መቅኒውን ይመጥጣል... ደግሞ ስለ ሚስቱ ያወራል። ቤቴ ስገባ ጆሮዬን በሳሙና እታጠብ ነበር። ጆሮ በሳሙና የሚጠራ ይመስል!

አንባቢውን ደግሞ ጆሯቸው ከዳቸው። ግራው ጨርሶ፣ ቀኙ በከፊል። እንዲህ የሆኑት እዚያ ሥራ ላይ እያሉ ነው፤ ጆሯቸው በቃኝ ያለ ይመስለኛል። ኋላ ኋላ ካሴቱን ትተው እኔ የጻፍኩትን ብቻ ያነቡ ጀመር።

"ያንቺ ጣት የኔ ጆሮ ነው" ይሉኝ ነበር።

እኔም እኮራ ነበር... ሞኝ!

እስቲ ደግሞ ይህችን ስሙኝ። በመሥሪያ ቤታችን አንድ ደንብ ነበር። በፋይል ውስጥ አንቱ የለም። ሟች ይሁን ከሳሽ፣ ሽማግሌ ይሁን ሹም፣ "እሱ" ወይም "እሷ" ነው። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ችሎት ቀርቦ "መጡና በዱላ መቱኝ" ይላል።

"ስንት ሆነው ነው የመቱህ?" ይላል ዳኛው።

"አንድ ናቸው ጌታዬ።"

"አንድ ከሆነ ለምን ናቸው ትላለህ?"

"አጎቴ ናቸዋ!"

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ኃላፊያችን ግን አልሳቀም፤ ደንብ አወጣ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሰዉ አንቱ እያለ ይናገራል፣ እኔ አንቱውን እያወለቅኩ እጽፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት። ዶሮ የሚነጭ ሰው ላባውን ያያል? አያይም። እጁ ብቻውን ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አንዲት ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አንድ ቀን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለፖሊስ ጣቢያው ስልክ ተደወለ። በስልኩ ላይ መቅረጫ ያስገጠሙት አንባቢው ናቸው፤ ያኔም ተስቆባቸዋል።

ፖሊሶቹ ሲደርሱ አሮጊቷ አልጋቸው ላይ ናቸው። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቧል። ፀጉራቸው ተበጥሯል። ጥፍራቸው ተከርክሟል። የታፈኑበት ትራስ ተመልሶ ከራሳቸው ሥር ገብቷል።

አፋቸውን ሩዝ ሞልቶታል።

የታኘከ ሩዝ።

የሬሳ ሐኪሙ አየውና "ያኘኩት እሳቸው አይደሉም" አለ። "አንድም ጥርስ የላቸውም።"

ገባችሁ ልጆቼ? ሌላ ሰው ነው ያኘከው። አድቅቆ፣ በምራቁ አላቁጦ... ወፍ ለጫጩቷ እንደምታደርገው... ከሞቱ በኋላ።

ያን መስመር ስጽፍ አፌን በመሐረብ ይዤ ነው።

በሁለተኛው ቀን ኃላፊው ሰው ያዘ። የቧንቧ ሠራተኛ። አሮጊቷ ከመሞታቸው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የተደፈነ ቱቦ ሊከፍትላቸው ገብቶ ነበር። የጣት አሻራው አለ። ጎረቤት ሲጣሉ ሰምቷል። "አንቺ አሮጊት፣ ተንኮለኛ ነሽ!" ሲላቸው ተሰምቷል።

ያ የቧንቧ ሠራተኛ ታናሽ ወንድሜ ነው።

አፉ ስድ ነው፣ አልደብቃችሁም። በሕይወቱ ለማንም አንቱ ብሎ አያውቅም። እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ይህ ልጅ ሞት ራሱ በር ቢያንኳኳ 'አንተ ደግሞ ማነህ?' ይለዋል" ትል ነበር። እጁ ግን... ያ እጅ ድመት እንኳ ገፍትሮ አያውቅም።

በሩን ዘጋሁና ለአንባቢው ነገርኳቸው።

"ጋሼ... የተያዘው ወንድሜ ነው።"

ብዕራቸውን አስቀመጡ።

"ኃላፊው ያውቃል?"

"በእናት ነው የምንገናኘው። የአባታችን ስም ይለያያል።"

"ከከበደሽ ለሌላ ልስጠው።"

"የለም። እኔው ልጻፈው።"

"እንግዲያው አንዲት ነገር እንዳትጨምሪ" አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ። "አንዲት ነገርም እንዳትቀንሺ።"

"እሺ ጋሼ።"

እሺ አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ተቀምጬም የስልኩን ካሴት ጻፍኩት። ድምፁ የወንድ ይሁን የሴት አልለይ አለኝ። ለስላሳ ነው፤ ሕፃን የሚያባብል ሰው ድምፅ። ሰውነቴን እየቀፈፈኝ ቶሎ ቶሎ ጽፌ፣ ማዳመጫውን ከራሴ ላይ አሽቀንጥሬ ጣልኩት።

አሥራ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

በየእሑዱ ንጹሕ ሸሚዝ እወስድለታለሁ፣ የቆሸሸውን እቀበላለሁ። በሦስተኛው እሑድ የተቀበልኩት ሸሚዝ ጀርባው ላይ ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል። ሳጥበው ውሃው ምን እንደመሰለ አልነግራችሁም።

"ልፈርምላቸው ነው" አለኝ በፍርግርጉ በኩል፣ በሹክሹክታ።

"እንዳትፈርም!"

"አንቺ ጀርባሽ ላይ ነው እንዴ የሚያርፈው?"

"አንባቢው ጽሑፋቸውን ሊጨርሱ ነው። እሳቸው እውነቱን ያያሉ።"

"እስቲ ይታየዋ" አለ። ከንፈሩ ሳቀ። ዓይኑ አልሳቀም።

እነሆ ረቡዕ መጣ።

ጠዋት አንባቢው በእጃቸው የጻፉትን ሪፖርት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩልኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዐቃቤ ሕግ እጅ መድረስ አለበት። ፊታቸው ጠቁሯል። አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ከፈቱና ትተውት ወጡ።

መጻፍ ጀመርኩ። አንደኛው ገጽ አለቀ። ሁለተኛው...

"ደዋዩ ስለ ሟች ሲናገር 'ደክሟት ተኝታለች' ይላል። በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት፣ ያውም እንዲህ ተንከባክቦ ያስተኛትን፣ እሷ እያለ ነው የሚጠራት። ይህ ሰው በጠባዩ ለማንም አንቱ ብሎ የማያውቅ ነው። በዚህ በኩል ከተያዘው የቧንቧ ሠራተኛ ጋር..."

ጣቴ ደረቀ።

ደክሟት ተኝታለች...

እንዲህ ነበር እንዴ ያለው?

ካሴቱን ፈልጌ አስገባሁ። ማዳመጫውን አጠለቅኩ። ቁልፉን ተጫንኩት...

እንዲህ አላለም ልጆቼ።

እንዲህ አላለም!

እኔ ነኝ። አንቱውን የነጨሁት እኔ ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ልማዴ ወንድሜን ገመድ ውስጥ ያስገባሁት፣ በገዛ ጣቴ።

ከእኔ ወንበር እስከ አንባቢው በር አሥር እርምጃ ነው። ያን ቀን መሻገር አቃተኝ። ብናገር ከሥራዬ እባረራለሁ። ኃላፊው "ለወንድሟ ብላ ነው" ይላል። ባልናገርስ? የዚያ ሸሚዝ ጀርባ ዓይኔ ላይ መጣ።

ገባሁ።

"ጋሼ... አጥፍቻለሁ።"

"ምን አጠፋሽ?"

"አንቱ ነበር ያለው። እኔ ነኝ ያወለቅኩት። በደንቡ መሠረት... አንዲት ነገር አትቀንሺ ብለውኝ እያለ።"

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቴፑን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈቱ፣ የሚሰማውን ቀኝ ጆሯቸውን ድምፅ ማውጫው ላይ አስተኙ።

"ክፈቺው።"

ከፈትኩት።

"ሃሎ... ፖሊስ ነው?"

"አዎ፣ ምን ነበር?"

"ደክሟቸው ተኝተዋል።"

"የት ነው ቤቱ?"

"ከጋራዡ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። ምሳቸውን አብልቻቸዋለሁ። ስትመጡ ቀስ ብላችሁ ግቡ... አትቀስቅሷቸው።"

ከዚያ ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት ሌላ ድምፅ አለ። እኔ አልጻፍኩትም፤ ድምፅ አይጻፍማ።

ጭምጭም... ጭምጭም... ጭምጭም...

ያኝካል። እርጥብ ነገር፣ አፉን ገርበብ አድርጎ፣ ሳይቸኩል። አሥራ አንድ ዓመት ያንን ሁሉ ቆሻሻ ስሰማ ኖሬ እንዲህ ጆሮዬን በእጄ ዘግቼ አላውቅም።

አንባቢው ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ሦስት ጊዜ!

"ሰሙት አይደል?" አልኩ። እንባዬ መጣ። "አንቱ ነው ያላቸው። ወንድሜ አንቱ አይልም። ቢሰቅሉትም አይልም!"

"አንቺ ልጅ..." አሉኝ፣ ጆሯቸውን ሳያነሱ።

"አቤት።"

"አንቱ ማለቱ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"እንዴት በምን አወቅሽ? ተኝተዋል አለ። አትቀስቅሷቸው አለ።"

ቀና አሉ። ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል።

"ስንት ናቸው?"

"እነማን?"

"የተኙት።"

...

ክፍሉ ቀዘቀዘ ልበላችሁ? አልቀዘቀዘም፤ ሙቀት ነበር። ከታች ጎማ ይተነፍሳል። እኔ ግን ከአንገቴ እስከ ወገቤ አንድ እርጥብ ነገር ወረደብኝ።

አንባቢው ፋይሉን ገልጠው የወንድሜን ቃል አወጡ። ያንንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ያቺን መስመር ግን ልብ ሳልላት አልፌያታለሁ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

"ቱቦው ውስጥ የተገኘው የታኘከ ሩዝ ነው፣ በጣም ብዙ። አንድ አሮጊት ያን ያህል አይደፋም። ቱቦው ከማድቤቱ ግድግዳ ወዲያ ይቀጥላል። ወዲያ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳት። ወዲያ ያለው የኔ አይደለም፣ አትንካው አለችኝ። የተጣላነው በዚያ ነው።"

"ተነሺ" አሉኝ። "ጆሮዬ ነሽ፣ ካንቺ ጋር ነው የምሄደው።"

የቤቱን ቁልፍ የያዘ አንድ ወፍራም ፖሊስ ተሰጠን። ተጫዋች ሰው ነበር።

"ጋሼ አንባቢ፣ ምሳ ሳልበላ ነው የወሰዱኝ" ይላል በመንገዱ ሁሉ። "እዚያ ቤት ያለውን ሩዝ ልትጋብዙኝ ነው?"

አንባቢው ሰዓታቸውን ያያሉ።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ደረስን። የጋራዡ ልጆች መኪና ሥር ተኝተው ያፏጫሉ። አረንጓዴው በር ላይ የተለጠፈው የፖሊስ ወረቀት እንዳለ ነው፤ ይህን ሁሉ ቀን ማንም አልቀደደውም። ፖሊሱ ቀደደው፣ ገባን።

ሽታው ተቀበለን።

የሬሳ መስሎኝ አፍንጫዬን ያዝኩ። የሬሳ አይደለም። ሰው ከእንቅልፉ ነቅቶ አፉን ሳይጉመጠመጥ አጠገባችሁ ሲያዛጋ የሚሸተውን ታውቃላችሁ? እሱ ነው። ቤቱ በሙሉ አንድ ትልቅ ያልታጠበ አፍ ሆኗል። እኛ ውስጡ ነን።

ማድቤት ገባን። የእቃ ማጠቢያው ገንዳ እስከ አፉ ውሃ ቋጥሯል። ቱቦው እንደገና ተደፍኗል። ውሃው ላይ ነጫጭ ነገር ይንሳፈፋል... ፍሬ፣ ግማሽ ፍሬ፣ የደቀቀ ፍሬ... በላዩ ላይ የምራቅ አረፋ አለ።

አንባቢው ጣታቸውን ነከሩበት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

"ለብ ያለ ነው" አሉ በሹክሹክታ።

"ቤቱ እኮ ታሽጓል!" አለ ፖሊሱ። ቀልዱ ከአፉ ጠፍቷል።

"ይህ ታሽጓል። ወዲያ ያለው አልታሸገም።"

ወጥተን ዞርን። በአሮጊቷ ግድግዳና በጋራዡ ግድግዳ መካከል ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍባት ስንጥቅ አለች። ፖሊሱ ሆዱን እየጎተተ ገባ፣ አንባቢው ተከተሉ፣ እኔ መጨረሻ። ግድግዳው ልብሴን ይልሰኛል። መጨረሻዋ ላይ ዝቅተኛ የቆርቆሮ በር ቆሟል። ቁልፍ የለውም። ማጠፊያው ዘይት ተቀብቷል፤ ሲከፈት ድምፅ አልሰጠም።

ቀስ ብለን ገባን... እንደተባልነው።

ሦስት ፍራሽ።

ሦስት ሰው።

ሁለት አሮጊትና አንድ ሽማግሌ፣ ትራስ ተደግፈው፣ ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው ተስቦ። ከሞቱ ዓመት ሳይሆናቸው አይቀርም። ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ደርቆ እንደ አሮጌ ቦርሳ ሆኗል። ፀጉራቸው ግን ተበጥሯል። በውሃ ረጠብ ተደርጎ፣ ወደ ጎን ተከፍሎ...

አፋቸው ተከፍቷል።

ሩዙ ሞልቶ፣ ተርፎ፣ በአገጫቸው ወርዷል።

የድሮው ከሥር አለ፤ ጠቁሯል፣ ሻግቷል፣ አንዳች ነገር ይርመሰመስበታል። ከላይ ያለው ግን ነጭ ነው። እርጥብ ነው። ልጆቼ... ይጨስ ነበር። ቀጭን እንፋሎት ከሦስቱም አፍ ይወጣል፣ እንደሚተነፍሱ ሁሉ።

ፖሊሱ ኮፍያውን አውልቆ እሱ ውስጥ አስመለሰ። እኔ መድረሻ አጥቼ ጫማዬ ላይ።

አንባቢው ብቻ ተንበረከኩ። በመሐረባቸው የሽማግሌውን አገጭ ነካ አደረጉ።

"አሁን ነው" አሉ። "አኝኮ ያጎረሳቸው አሁን ነው። ሁለት ደቂቃ አይሞላውም።"

"ማን?" አለ ፖሊሱ፣ አፉን እየጠረገ። "በየት ወጣ?"

ያኔ ነው ሁላችንም ያየነው። ሌላ በር የለም። መስኮት የለም። ያቺ ስንጥቅ ደግሞ አንድ ሰው እንጂ ሁለት አታሳልፍም፤ በእሷ ደግሞ እኛ ነን የገባነው። የወጣ ሰው የለም።

አሁን የምነግራችሁን ስሙኝ፣ አትፍረዱብኝ። እዚያ ቆሜ፣ ሦስት ሬሳ ፊት፣ ትውከቴ ላይ ቆሜ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ?

ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ቀን ታስሯል። ይህ ሩዝ ትኩስ ነው።

ወንድሜ ዳነ።

"ተመስገን!" አልኩ ጮክ ብዬ። በሬሳ አፍ ውስጥ ያለ ትኩስ ሩዝ አይቼ ተመስገን አልኩ። ከዚያ ሁሉ ነገር፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት፣ የተጸየፍኩት ያን የራሴን ድምፅ ነው።

ሰዓቱ ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ሲቀረው ተመለስን። ኃላፊው ሰማና ወንበሩን እያሽከረከረ አሰበ።

"እንግዲያው ግብረ አበር አለው ማለት ነው" አለ። "ቧንቧ ሠራተኛውን ስለ ሁለተኛው ሰው እንጠይቀዋለን። በደንብ እንጠይቀዋለን።"

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዝኩ።

"ሁለተኛ ሰው የለም" አሉ አንባቢው። "አበጣጠሩ አንድ ነው፣ አነጣጠፉ አንድ ነው፣ አኝኮ ያጎረሰው አፍ አንድ ነው። ያ ሰው ዛሬ እዚያ ነበር። የታሰረው ልጅ ዛሬ ያንተ ክፍል ውስጥ ነበር።"

"ዛሬ ጠዋት ሌላ ጽፈህ ነበር እኮ!"

"ነበር።"

"የማን ስሕተት ነው ታዲያ? ማነው የስልኩን ካሴት እንዲህ የጻፈው?"

ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ።

"የእኔ ነው" አሉ አንባቢው፣ ቀድመውኝ። "ካሴት እያለ ወረቀት አነበብኩ። ጻፊ አንቺ።"

እዚያው ቆመው አስጻፉኝ። የመጀመሪያው መስመር "ከዚህ ቀደም ያቀረብኩት ሐሳብ ስሕተት ነበር" የሚል ነው። አንብበው ፈረሙበት። ኃላፊው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ "ደንቆሮው መዳፍ አንባቢ" ሲላቸው ኖረ፤ ዕድገታቸውን ከለከላቸው፣ ክፍላቸውን ምድር ቤት አወረደው። እሳቸው ግን እዚያው ሆነው አሥራ ሁለት ሰው አሠለጠኑ። የመጀመሪያ ትምህርታቸው አንድ ነበር፤ ሰው ከተናገረው ላይ አንዲት ፊደል አትንጩ።

ያ ያኘከው ሰው አልተያዘም። እኔ እስከማውቀው ድረስ ማን እንደሆነ የነገረን የለም። ሦስቱ ሰዎችም ማን እንደነበሩ አልታወቀም። አባቴ ጠፋ፣ አክስቴ ጠፋች ብሎ የመጣ አንድ ሰው አልነበረም። ያለ ስም ተቀበሩ።

አንዲት ነገር ግን ቀርታኛለች። ለሰው ነግሬያት አላውቅም።

ወንድሜ የተፈታው ያኑ ዕለት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አንባቢው ራሳቸው የውጪውን የብረት በር ሊከፍቱልን ወረዱ። በሩ ከባድ ነው፤ በትከሻቸው ገፍተው ያዙልን። እኔ አለፍኩ። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አለፈ።

አንባቢው በሩን አልለቀቁትም።

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላችን ማንም አልነበረም። እሳቸው ግን በሩን እንደያዙ፣ ሰው ለሽማግሌ መንገድ ሲለቅ እንደሚያደርገው፣ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

ጥቂት ቆዩ።

ደግሞ ዝቅ አደረጉ።

ጥቂት ቆዩ።

ደግሞ...

ሦስት ጊዜ። ከዚያ በሩን ዘጉት።

እጁን ይዤ ወንድሜን ላስሮጠው ስል ክንዴን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ። ፊት ለፊቱን ነው የሚያየው። ከኋላው እግር የሚሰማ ሰው ፊት ነበረው።

"ቀስ በይ" አለኝ በሹክሹክታ። "ቀስ ብለሽ ተራመጂ።"

አደራ ልጆቼ፣ እኔ እንግዲህ መሽቶብኛል። ስም የሌላቸውንም፣ ለእኔ ጥፋት የራሳቸውን ስም የሰጡትንም... እናንተ አስታውሷቸው።